መስኮት የሌለው የመርከብ ክፍል

እኔ የማውቀው ትልቁ ውሃ ሮቢ ነው። ሮቢን ለማታውቁ፣ በበጋ ሲያዩት ለልብስ ማጠቢያ እንኳን የሚበቃ አይመስልም፤ በድንጋይ መሐል እየተሹለከለከ የሚያልፍ ምስኪን ወንዝ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ግን፣ እኛ ሸዋ ሮቢት ላይ ጠራራ ፀሐይ እያቃጠለን ሳለ፣ ቀይ ጭቃ ሆኖ ይመጣና በሬውንም ግንዱንም ጠራርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ውሃ ያለኝ አቋም ከልጅነቴ ጀምሮ ግልጽ ነው። ውሃ በብርጭቆ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ከዳር ቆሞ ማየት፤ ቢቻል ደግሞ አለማየት።

እንዲህ ያለ አቋም ያለኝን ሰው ነው እንግዲህ ልጄ ትዕግስት «አባዬ፣ መርከብ ምረጥ» ያለችኝ።

ትዕግስት ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን በቪዲዮ ደወለችና አንተንና እማዬን በመርከብ ላንሸራሽራችሁ ነው አለች። መርከቡ ከዱባይ ይነሳል፣ ጥቂት ቀን ባሕር ላይ ይቆያል፣ አንዳንድ ከተማ ጎራ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ክሩዝ ይባላል። «ሌላውን ሁሉ ለእኔ ተዉት፤ የእናንተ ሥራ መርከቡንና የምታድሩበትን ክፍል መምረጥ ብቻ ነው» አለች።

ባለቤቴ አስካለ ይህን ስትሰማ ከትከሻዬ ኋላ ቆማ ነበር። እልል አላለች፣ አላጨበጨበች። «ሁለታችንም?» ብቻ አለች።

ይህቺን ቃል ለመረዳት ሱቃችንን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔና አስካለ ቤታችን ፊት ባለው ሱቅ የባጃጅ መለዋወጫ እንሸጣለን። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባጃጅ የማይሄድበት ሰዓት የለም፤ ባጃጅ ከሄደ ደግሞ የሚበላሽ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ ከሁለት አንዳችን ሱቅ ነን። ግሸን እሷ ስትሄድ እኔ ሱቅ፤ በዓመቱ እኔ ስሄድ እሷ ሱቅ። የእህቷ ሠርግ ላይ እሷ፣ የወንድሜ ሠርግ ላይ እኔ። ትዕግስት አዲስ አበባ ስትመረቅ እንኳን በፈረቃ ነው ያየናት፤ እናቷ ምርቃቱን አይታ ተመለሰች፣ እኔ ተራውን ተቀብዬ ለግብዣው ደረስኩ። አስካለና እኔ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ላሳያችሁ ብል ያለን የሠርጋችን ብቻ ነው።

«ሁለታችሁም እማዬ» አለች ትዕግስት። በማግስቱ አስካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ለባሕር ነፋስ የሚሆን ስስ ቀሚስ አዘዘች። እኔም በማግስቱ መፍራት ጀመርኩ።

ፎቶዎቹ መጡ። ምርጫው ሁለት መርከብ ነበር። አንደኛው ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ፣ ሲኒማ ቤት፣ መንሸራተቻና የመዋኛ ገንዳ ያለው፣ ሸዋ ሮቢትን ከነገበያዋ የሚውጥ ነገር ነው። ሁለተኛው አነስ ያለና ጸጥ ያለ። ትልቁን ሳየው ይህን ሁሉ ብረት ምን ይሸከመዋል ብዬ ተጨነቅኩ። አትሳቁ፤ ሱቅ ውስጥ አንዲት ብሎን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥዬ ሞክሬያለሁ። ወዲያው ነው የሰጠመችው። ትንሹን ሳየው ደግሞ ማዕበል ሲመጣ ይህ ምን አቅም አለው አልኩ። ትልቁ በክብደቱ፣ ትንሹ በቅለቱ አስፈራኝ፤ መካከለኛ እንዳለ ብጠይቃት ትዕግስት ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረችው።

«ቢያስመልሰኝስ?» አልኳት። ከአዲስ አበባ ስመለስ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል መጠምዘዝ ስንጀምር እኔ ላስቲክ ሳልይዝ ወርጄ አላውቅም።

«ባሕር ላይ ጠመዝማዛ የለም አባዬ።»

«ጣርማ በር ላይ ቢያንስ መኪናውን አስቁሞ መውረድ ይቻላል» አልኳት።

የክፍሎቹን ፎቶ ስንደርስ ግን ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ባለ በረንዳ አለ፣ ባለ መስኮት አለ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ መስኮት የሌለው አለ። ልብ አድርጉ፤ ባሕር ላይ ሆኖ ባሕር የማይታይበት ክፍል! ይህ ክፍል ለእኔ ታስቦ የተሠራ መሰለኝ። ዕቅዴንም ወዲያው አወጣሁ፤ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ጋደም እላለሁ፣ አለቀ ሲሉኝ እወጣለሁ። ይህን ለአስካለ ሳስረዳት በትዕግሥት አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ታዲያ እዚሁ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ተኛ፤ እሱም መስኮት የለውም» አለችኝ።

ምክር መጠየቅ ያስፈልጋል አልኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤቴ ጀማል ዘንድ ነው። ጀማል አባቱ ከአሊዩ አምባ የመጡ የማሾ ነጋዴ ነው፤ ገበያ ሲያማርጥ አይሳሳትም። ሁሉንም ነገርኩት።

«ከየት ነው የሚነሳው?» አለኝ።

«ከዱባይ።»

«የት ያደርሳችኋል?»

«ዞሮ ዞሮ ዱባይ።»

ጀማል የያዘውን ማሾ ከመዳፉ ወደ ከረጢቱ መለሰ። «ሱብሃነላህ! ከዱባይ ዱባይ ለመሄድ በባሕር ምን አስኬደህ? እዚያው ዱባይ ቁጭ ብትል አትደርስም?»

ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ከመነኻሪያ ባጃጅ ተሳፍሮ ከተማውን ዞሮ መነኻሪያ መመለስ ማለት ነው ብዬ ብነግረው፣ እሱንም የሚያደርግ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው አለኝ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም። እኛ ስንሄድ ለሕመም ነው፣ ለለቅሶ ነው፣ ለስለት ነው፣ ለንግድ ነው። ለመሄድ ብሎ መሄድን ማንም አላስተማረንም። አስካለም አልተማረችም፤ እሷ የምትፈልገው ሽርሽሩን ሳይሆን ማንም መጥቶ «ፍሬን ሸራ አለ?» የማይለን ቦታ አብረን መቀመጡን ይመስለኛል።

ከጀማል ቀጥሎ የሠራሁት ሥራ ግን የሞኝ ሥራ ነው። እድሩን ጠየቅኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ ነበረን። ልዩ ልዩ ጉዳይ ሲባል እጄን አወጣሁና፣ አንድ አባል ባሕር ላይ ቢሞት እድሩ ምን ያደርጋል አልኩ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር አወለቁ ማለት ስብሰባው ቶሎ አያልቅም ማለት ነው። አንዱ ተነስቶ ሬሳው ካልመጣ ድንኳን ምን ተብሎ ይተከላል አለ። ሌላው ድንኳን የሚተከለው ለቤተሰቡ እንጂ ለሬሳው ነው ወይ አለው። ሦስተኛው መርከቡ የራሱ እድር እንዳለው እንድጠይቅ አሳሰበ፤ ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ያለ እድር የሚሄድ መርከብ ይኖራል ብሎ ማሰብ አልቻለም። ክርክሩ ጋለ፣ እኔም በከፈትኩት ጉዳይ ትንሽ ኮራሁ።

በዚህ መሐል እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና ወጡ። ክርክሩ የተቋረጠው ያኔ ነው።

የእትዬ ዘነበች ልጅ ቢኒያም ሱቃችን ፊት ለፊት ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነበር። ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ሄደ። ጀልባው ላይ ሲወጣ ያዩ አሉ። ሲወርድ ያየው የለም። ከዚያ ወዲያ ስልክም አልደወለ፣ መርዶም አልመጣ። መርዶ ስላልመጣ እድሩ ድንኳን አልተከለም፤ እናቱም አልቅሰው አልወጣላቸውም፣ ተስፋም አልቆረጡም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ተነስቼ ባሕር ላይ ቢሞት ያልኩት። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። ያፈርኩትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። እኛ አገር ሰው በባሕር ሊሄድ ነው ከተባለ የሚታሰበው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከየቤቱ ልጆች የወጡበት። ለሽርሽር ነው ብል ሰው በአዘኔታ ያየኛል። ሄዶ ሊመለስ ባሕር የገባ ሰው አይተው አያውቁማ። የባጃጅ ሾፌሮቹ የሞተር ሻማና ፍሬን ሸራ እየገዙ ጎንበስ ብለው፣ «ጋሼ፣ ደላላው ማነው?» ይሉኝ ጀመር። አንዱ ደግሞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «እኛ ወጣቶቹ እንኳን ተውነው፤ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ!» አለኝ። ሐሳቤን የማልለውጥ ከሆነም ከመነዳሪ እንድይዝ መከረኝ። ከመነዳሪ ማለት ጎማ ውስጥ ያለው፣ አየር የሚሞላው ላስቲክ ነው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

ይህ ምክር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ከሰማሁት ሁሉ ተግባራዊ የነበረው እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ከሰዓት የጭነት መኪና ከመነዳሪ አስመጣሁና ጓሮ ወስጄ ነፋሁት። ልኬን ለማወቅ ያህል በጭንቅላቴ አጥልቄ ወደ ወገቤ ሳወርደው ወረደ። ሽቅብ ሳወጣው ግን አልወጣም። ሙቀቱ ነው መሰለኝ ላስቲኩ ሰውነቴ ላይ ተጣበቀ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ መላ ስፈልግ የግቢው በር ተንኳኳና ሽማግሌዎች ገቡ።

የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ማርያም፣ ጋሽ ደምሴና ጀማል ናቸው። ሦስቱም መጀመሪያ ከመነዳሪውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። አባ አማተቡ።

ልነሳላቸው ብሞክር ሚዛኔ እምቢ አለ፤ ስለዚህ ሽምግልናውን የሰማሁት ላስቲኩ ወገቤ ላይ እንደተጣበቀ ቁጭ ብዬ ነው።

«ልጄ፣ ምን ጎደለህ?» አሉ አባ።

«ምንም አልጎደለኝም አባ።»

«ልጅህ ደርሳለች፣ ሱቅህ ይሠራል፣ ሚስትህ እንደሆነች ሰው ናት። ከማን ነው የምትሸሸው?»

አስካለ የጓዳው በር ላይ ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ስልኬን አውጥቼ የትልቁን መርከብ ፎቶ አሳየኋቸው። አባ ስልኩን አራቅ አድርገው ያዙና በጣታቸው ጠቆሙ።

«ይህ ሰማያዊ ምንድነው?»

«መዋኛ ነው። ውሃ ነው።»

«መርከቡ ያለው ውሃ ላይ አይደለም?»

«ነው አባ።»

«ታዲያ ሌላ ውሃ ለምን ጫነ?»

ብዙ አስቤበታለሁ፤ እስካሁንም መልሱን አላገኘሁትም። የጾም ምግብ አለ ወይ አሉ፣ ትዕግስት አለ ብላለች አልኩ። ቄስ አለ ወይ አሉ፣ እሱን አልጠየቅኩም አልኩ። እየተግባባን መሰለኝ።

ጋሽ ደምሴ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት። «ደላሎቹ ለልጆቻችንም ያሳዩዋቸው ፎቶ እንዲህ ያለ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቢኒያም ለእናቱ ትልቅ መርከብ ነው ብሏቸው ነው የሄደው። ጀልባውን ያዩት ዳር ከደረሱ በኋላ ነው።»

የአስካለ ሳቅ ቆመ። ጀማል ጎንበስ አለና የከመነዳሪውን የአየር ቀዳዳ ፈታልኝ፤ አየሩ ፊሽ እያለ ሲወጣ ሁላችንም ቁጭ ብለን አዳመጥነው።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ለአስካለ ቆርጬ ነገርኳት። ይቅር። እትዬ ዘነበች ፊት ለፊት ተቀምጠው እኛ በባሕር ልንዝናና ነው ብሎ መሄድ ነውር ነው፤ ለትዕግስት ጉዞው ቀርቷል እላታለሁ። ንግግሬ ጥሩ ነበር፣ ራሴን እንኳን ነክቶኛል።

አስካለ ቀሚሱን ከተሰቀለበት አወረደች። ከልብስ ሰፊው የመጣው በዚያው ጠዋት ነበር። እጥፍ እጥፍ አደረገችና ሣጥኑ ውስጥ ከታች፣ ከጋቢዎቹ ሥር ከተተችው።

«በእትዬ ዘነበች አታሳብብ» አለችኝ። «የፈራኸው አንተ ነህ። መፍራትህን ብትነግረኝ ምንም አልልህም ነበር። እሳቸውን ምክንያት ማድረግህ ነው ያሳዘነኝ።» ቀጥላ ደግሞ፣ «በል ግባና እረፍ፤ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ፤ ተራው የእኔ ነው» አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ገብቼ ተኛሁ፣ ግን አላረፍኩም። ዕድሜያችንን በሙሉ በተራ እንደኖርነው አሰብኩ። የመጨረሻው ጉዞ ደግሞ ለማንም በአንድነት የሚሆን አይደለም፤ አንዳችን ቀድመን እንሄዳለን፣ አንዳችን ሱቅ እንቀራለን። በመሐል አንዴ እንኳን አብረን እንድንወጣ ጠየቀችኝ። እኔ ከባልዲ ውሃ ጋር እመካከራለሁ።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ውሻ እንኳን ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ እትዬ ዘነበች ሱቅ መጡ። አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁላቸው።

«እትዬ፣ የእሑዱን ይቅር ይበሉኝ፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው።»

«እሱን ተወው» አሉ። «ቀረሁ አልክ አሉ?»

«አዎ፣ ቀርቻለሁ።»

«ለምን?»

በእርስዎ ምክንያት ልል ነበር። አስካለ መደርደሪያው ጋ ሆና መስታወት ትወለውላለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው ያለችው፣ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነው። «ፈርቼ ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተቀየሙ አይመስሉም። «ባሕሩ ያ ነው? ቢኒ የገባበት?»

«አይደለም፤ የዱባዩ ሌላ ነው። ግን ይገናኛሉ ትላለች ትዕግስት።»

«ከተገናኙ አንድ ነው» አሉ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ምን መሰለህ ወንድሜ። ዓይኔን ስከድን ልጄን የማየው ሮቢ ውስጥ ነው። ሌላ ውሃ አላውቅማ። ያ ቀይ ጭቃ ግንዱን እያላጋ ሲመጣ፣ ልጄን እዚያ ውስጥ አየዋለሁ። ጠዋትም ማታም። የባሕር ውሃ እንዲያ ነው?»

«አይመስለኝም እትዬ።»

«አይመስለኝም አይበቃኝም።»

ስልኬን ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ያዙኝ። «ፎቶ አልፈልግም። ፎቶ አሳይተውኛል። የማምነው ሰው ቆሞ አይቶት፣ እንዲህ ነው ብሎ እንዲነግረኝ ነው የምፈልገው። ጥሩ ነው በለኝ አልልህም። ቢከፋም ያየኸውን ንገረኝ። ሂድና እየው።»

ምን እላለሁ? «እሺ» አልኩ።

«ከምታድሩበት ክፍል ይታያል?»

አስካለ መስታወቱን መወልወል አቆመች።

«የመረጥኩት መስኮት የሌለውን ነው» አልኩ።

«ምነው?»

«ውሃውን ላለማየት።»

እትዬ ዘነበች ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ ቢኒያም ከሄደ ወዲህ ያላየሁትን ሳቅ፣ ትንሽ ሳቅ ሳቁ። «ምን ዓይነቱ ሰው ነህ!» አሉኝ።

እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ትዕግስት ዘንድ ደወልኩ። አሳብ ለወጥኩ ስላት ልትቀር ነው ብላ ድምጿ ወረደ። «የለም፣ እንመጣለን። ግን ባለ መስኮቱን ያዢልን» አልኳት።

«አልፈራህም አባዬ?»

«ፈርቻለሁ። ባለ መስኮቱን ያዢ።»

«በረንዳ ያለውስ? እሱ ላይ ወጥታችሁ ቆማችሁ ነው የምታዩት» አለችኝ።

በረንዳ! እግሬ ሥር ባዶ፣ ፊቴ ባሕር። አስካለ ከመደርደሪያው ዞራ ቆማለች። እትዬ ዘነበች አግዳሚው ላይ ናቸው።

«ከዚያ ይበልጥ ይታያል?» አልኩ።

«በጣም ይታያል።»

«እንግዲያው እሱ ይሁን። ሱቁ ይዘጋል፣ እኔና እናትሽ እንመጣለን።»

አስካለ ወደ ጓዳ ገባች፣ የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁት። እትዬ ዘነበች ውሃቸውን ጨርሰው ተነሱ፣ ነጠላቸውን ለፀሐዩ ከራሳቸው ላይ አደረጉና ደጃፉ ላይ ሲደርሱ መለስ አሉ።

«ማታ እንዳታየው» አሉኝ። «ማታ ሁሉም ውሃ ጥቁር ነው። ፀሐይ ሳለ እይልኝ።»